ምሰሶ የሌለው ክብ ቤት

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ኮምቦልቻ በግንበኝነት የምሠራ ልጅ ነኝ። የጥንት ግሪኮች መቃብር ፎቶ አየሁ። ውስጡ ክብ ነው፤ እስከ ጫፉ ድንጋይ በድንጋይ። የእኛ ክብ ቤት መሀሉ ላይ ምሰሶ አለው፤ ይሄ ግን ምሰሶም ስሚንቶም የለው። እንዴት ቆመ? ክብ የሚሠሩትስ ለመቃብር ብቻ ነው? ለእህል ማስቀመጫ ልሞክረው አስቤያለሁ።

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ፣ የባለሙያ ጥያቄ ነው የጠየቅኸው። ከእነዚህ መቃብሮች ዝነኛው ሚኬኔ በምትባለው ጥንታዊ የግሪክ ከተማ የሚገኘው «የአትሬዎስ ግምጃ ቤት» ነው። ስሙ አያሳስትህ፣ መቃብር ነው። ዕድሜው ከ3,200 ዓመት በላይ ነው። የወለሉ ስፋት ከግድግዳ ግድግዳ 14.5 ሜትር፣ ቁመቱ ከ13 ሜትር በላይ ነው።

33 ረድፍ ጥርብ ድንጋይ አለው። እያንዳንዱ ረድፍ ከሥሩ ካለው ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ይላል። ረድፉ ዞሮ ሲገጥም ድንጋዮቹ ጎን ለጎን ይገፋፋሉ፤ ልውደቅ የሚለውን ግራና ቀኙ ያሉት ይይዙታል። ስለዚህ ከሥር የእንጨት ድጋፍ አያስፈልገውም።

ፎቶው ያላሳየህ ግን አፈሩን ነው። ሕንፃው ኮረብታ ተቆፍሮ የተሠራ ነው፤ ከላይም አፈር ተከምሮበታል። ያ አፈር የድንጋዩን የኋላ ጫፍ ተጭኖ ይይዛል። እኔ ብትጠይቀኝ ግማሹን ሥራ የሚሠራው እሱ ነው።

በሩማ ጉድ ነው! የውስጠኛው ጉበን (ከበሩ በላይ የተጋደመው ድንጋይ) ብቻውን ወደ 120 ቶን ይመዝናል። ከላዩ ሦስት ማዕዘን ክፍተት ትተዋል፤ ሸክሙ ጉበኑን እንዳይሰብረው ወደ ግራና ቀኝ ግድግዳ ይወርዳል።

ለመቃብር ብቻ አይደለም። ከብዙ ዘመን በኋላ አቴንስ ውስጥ ተረኛ የነበሩት 50 የምክር ቤት አባላት የሚመገቡበት ክብ ቤት ተሠርቷል። የእሱ ጣሪያ ግን የድንጋይ ጉልላት አልነበረም፤ ልክ እንደ እኛው ውስጡ ምሰሶ ነበረው፣ 6 ምሰሶ።

ስለ እህሉ፣ ይቅርብህ። አፈር ካልከመርክበት አላምነውም፤ ከከመርክበት ደግሞ ክረምት ላይ እርጥበቱ እህልህን ያሻግተዋል። እጅህን ካሳከከህ በጉልበት ቁመት ያህል ያለ ጭቃ ካበው። መጀመሪያ ባዶውን፣ ቀጥሎ ዙሪያውን አፈር ደልድለህ ከላይ ተጫነው። ልዩነቱን ያኔ ታየዋለህ።