ማይክ ሪቻርድሰንና ዳርክ ሆርስ፦ ጥያቄና መልስ

የአሜሪካውን አሳታሚ የዳርክ ሆርስን ኮሚኮች፣ ማለትም በሥዕል የሚተረኩ መጻሕፍቱን፣ ለዓመታት ሰብስቤያለሁ። ስለ መሥራቹ ማይክ ሪቻርድሰን ጠይቁኝ፤ ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ከወዲሁ ላሳስባችሁ፦ ማሳተምና ባለቤት መሆን ለየቅል ናቸው።

አዲስ አንባቢ፦ በምን ገንዘብ ጀመረ?

በክሬዲት ካርድ። በ1980 ኦሪገን ውስጥ፣ ቤንድ በምትባል ከተማ፣ ትንሽ የኮሚክ መደብር ሲከፍት መነሻው 2,000 ዶላር ነበር። በ1986 ማሳተም የጀመረው በመደብሮቹ ትርፍ ነው።

የሥዕል ተማሪ፦ ጋሼ፣ ሠዓሊዎች ትልልቆቹን ትተው ወደ እርሱ የሄዱት ለምንድን ነው?

ጥሩ ጠየቅሽ። በሁለቱ ትልልቅ የአሜሪካ ኮሚክ አሳታሚዎች፣ በማርቬልና በዲሲ፣ የቆየው ልማድ ሠዓሊው በገጽ ተከፍሎት፣ የፈጠረው ገጸ ባሕርይ የኩባንያው ሆኖ እንዲቀር ነበር። ሪቻርድሰን ግን ለፈጣሪዎቹ ባለቤትነታቸውን ተወላቸው። ሠዓሊው ፖል ቻድዊክ «ኮንክሪት» የተሰኘ ኮሚኩን ይዞ የመጣበት የመጀመሪያው ጥቁርና ነጭ እትም 10,000 ቅጂ ቢሸጥ ይበቃል ሲባል ወደ 50,000 ተሸጠ። ማይክ ሚኞላም ለሁለቱ ትልልቆች ሲሥል ከኖረ በኋላ «ሄልቦይ» የተሰኘ ገጸ ባሕርዩን ያመጣው ወደዚሁ ቤት ነው። በ2004 ጊየርሞ ዴል ቶሮ ፊልም ሲያደርገው ሪቻርድሰን ከፕሮዲዩሰሮቹ አንዱ ነበር፤ ሄልቦይ ግን የሚኞላ ነው። አሁንም እደግመዋለሁ፦ ማሳተም ሌላ፣ ባለቤትነት ሌላ።

የቪዲዮ ቤት ልጅ፦ «ዘ ማስክ»ስ? ኮሚኩን ሳነበው ደነገጥሁ።

መደንገጥህ አይገርምም። የገጸ ባሕርዩ ጥንስስ የራሱ የሪቻርድሰን ነው። በኮሚኩ ስታንሊ የሚባለው ሰው ጭምብሉን ለፍቅረኛው በስጦታ ይገዛል፤ ከዚያ ቂሙን በደም ይወጣል፤ በመጨረሻ ራሷ ፍቅረኛው ትገድለዋለች። በ1994ቱ ፊልም ግን ጭምብሉን ከውኃ ላይ ያገኘዋል፣ ይጨፍራል፣ ያስቃል።

ነባር አባል፦ አበላሹታ! ነፍሱን አወጡት።

የቪዲዮ ቤት ልጅ፦ እንደ ኮሚኩ ቢሆን ኖሮ ከእናቴ ጋር ቁጭ ብዬ አላየውም ነበር።

ነባር አባል፦ የእናትህ ምርጫ መመዘኛ ሊሆን አይችልም።

እናቱን ተዋቸው። ሁለቱም የየራሳቸው ሥራ ናቸው፤ ወደ ጥያቄው እንመለስ።

አዲስ አንባቢ፦ ሀብቱ ምን ያህል ነው?

አልቆጠርኩለትም። ቀጥሉ።

ሌላ አባል፦ «ስታር ዎርስ»ን ለምን ለማርቬል ሰጠ? የራሱ አልነበረም?

ከላይ ሁለት ጊዜ ጽፌዋለሁ፤ እባካችሁ አንብቡ። የማሳተም ፈቃድ ነበረው እንጂ ባለቤት አልነበረም። ከ1991 ጀምሮ ከሃያ ዓመት በላይ አሳተመው። ዲዝኒ በ2012 የ«ስታር ዎርስ»ን ባለቤት ሉካስፊልምን ገዛ፤ ማርቬልም የዲዝኒ ነው። የዳርክ ሆርስ ፈቃድ በ2014 ማብቂያ ሲያከትም ሥራው ወደዚያው ሄደ። የሰው ቤት ተከራይተህ ግድግዳውን ብታሳምረውም ባለቤቱ ሲፈልገው ትለቃለህ።

አንድ አባል፦ ስለ ፊልም ሥራው በአጠቃላይ ቢያብራሩልን?

«በአጠቃላይ» ምን ልበል? የትኛውን ፊልም፣ የትኛውን ዓመት እንደሆነ ለይተህ ጠይቅ።

የሥዕል ተማሪ፦ ጋሼ፣ እኔም አንድ አሳታሚ ውል ሰጥቶኛል። «በማናቸውም መልክ፣ ለዘለዓለም» ይላል። ቅዳሜ ልፈርም ነው።

ቅዳሜን እርሺው። «በማናቸውም መልክ» ሲል ፊልሙም፣ አሻንጉሊቱም፣ ገና ያልተፈለሰፈውም አለበት። መጽሐፉን ለማተም ብቻ፣ ለተወሰነ ዓመት ብለው ያርሙት፤ ጊዜው ሲያልቅ መብቱ ወደ አንቺ እንደሚመለስም ይጻፍ። ስሞቹን ሸፍነሽ ያንን አንቀጽ ዛሬ ማታ ላኪልኝ፤ ቃል በቃል አብረን እናየዋለን።