የአንባቢያን ጥያቄ፦ ነፋስ ሲነሳ የሚለግም ጀልባ

ለዚህ እትም ከወሎ ከደረሱን ደብዳቤዎች አራቱን መርጠናል። ሦስቱ ስለ ኤርቦት ይጠይቃሉ፤ ይህም በውሃ ውስጥ ፕሮፔለር ሳይሆን ከኋላው ከፍ ብሎ በተተከለ የአየር ፕሮፔለር የሚገፋ፣ ሥሩ ጠፍጣፋ የሆነ ጀልባ ነው። አራተኛው ስለ ተለመደው የጀልባ ሞተር ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልን። ኮምቦልቻ ውስጥ በብረታ ብረት ሥራ የተደራጀን ወጣቶች ነን። በደሴ አቅራቢያ ላለው፣ ስሙም ሐይቅ ለሚባለው ሐይቅ ዳርቻ የሚሆን ኤርቦት ሠርተናል። ቀፎው የአሉሚኒየም ላሜራ ነው። ሞተሩ የኮሮላ 1.6 ሊትር ቤንዚን ሲሆን በጥርሳም ቺንጋ 1.7 ለ 1 እየቀነሰ ፕሮፔለሩን ያዞራል። ፕሮፔለሩ ባለ 3 ክንፍ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ 1.83 ሜትር፣ የክንፉ ማዕዘን ቡሎን እየተፈታ የሚስተካከል ነው። ጠዋት ደህና ይሄዳል። ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ግን አፍንጫውን መመለስ ያቅተናል፤ ቤንዚኑን እስከ መጨረሻው ብንሰጠውም ሞተሩ በደቂቃ ከ4,300 ዙር አያልፍም። የክንፉን ማዕዘን ብንጨምርለት ይሻለዋል?

መልስ፦ አትጨምሩ። ችግራችሁ የማዕዘን ማነስ ሳይሆን መብዛት ነው፤ 4,300 የሚለው ቁጥር ራሱ ይመሰክራል። ይህ ሞተር ሙሉ ጉልበቱን የሚሰጠው ወደ 6,000 ዙር ሲጠጋ ነው። ለረጅም ሰዓት ሳይጎዳ እንዲሠራ ደግሞ ከዚያ ከ85 እስከ 90 በመቶ፣ ማለትም 5,200 ዙር አካባቢ ላይ ቢቆም ይመረጣል። የእናንተው ሞተር ክንፉ በአንድ ጊዜ የሚዝቀው አየር ስለበዛበት ጉልበቱ ካለበት ሳይደርስ ታንቆ ቀርቷል። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን ዳገት በአራተኛ ማርሽ እንደመያዝ ነው።

ነፋስ ውስጥ የሚያስፈልጋችሁ ግፊት እንጂ ፍጥነት አይደለም። መሪ ሰሌዳዎቹ የቆሙት ፕሮፔለሩ በሚወረውረው አየር ውስጥ ስለሆነ ግፊት ከሌለ መሪም የለም። ቀፎው፣ ወንበሩና የፕሮፔለሩ የብረት መረብ ተደምረው በጎን በኩል 5 ካሬ ሜትር ቢሆኑ፣ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ወደ 26 ኪሎ የሚጠጋ ኃይል ያሳርፍባቸዋል። የነፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። አፍንጫው እንዲመለስ ግፊቱ ቤንዚን በተሰጠበት ቅጽበት መምጣት አለበት፤ ማዕዘኑ የበዛ ክንፍ ደግሞ ዘግይቶ ነው የሚነሳ።

ምናልባት «ከፍታው ነው» የሚሏችሁ ይኖራሉ። በከፊል እውነት ነው። ሐይቁ ያለው ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር አምስተኛ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ነገር ግን አየሩ በሳሳ መጠን የፕሮፔለሩም ሸክም በዚያው ልክ ይቀልላል። ስለዚህ ከፍታ ብቻውን ዙሩን እስከ 4,300 አያወርደውም። ግፊቱን ግን አምስተኛ ያህል ይቀንሰዋል፤ ቆላ ላይ 200 ኪሎ የሚገፋ ጀልባ ሐይቅ ላይ 160 ኪሎ አካባቢ ይገፋል። ይህን የጎደለ ግፊት ማዕዘን በመጨመር መመለስ አይቻልም። የሚመልሰው ሰፋ ያለ ክብ አየር በዝግታ መግፋት ነው፤ ማለትም ረዘም ያለ ክንፍና የበለጠ የሚቀንስ ፑሌጃ።

ገንዘብ ሳታወጡ በምትችሉት ጀምሩ። ከፕሮፔለሩ መሐል 69 ሴንቲ ሜትር ለክታችሁ (ይህ የክንፉ ርዝመት 75 በመቶ ነው) በሦስቱም ክንፎች ላይ በማርከር መስመር አድርጉ። ክንፉን አግድም አቁማችሁ ዲጂታል ውሃ ልክ መጀመሪያ ክንፎቹ በሚታሰሩበት መሐል ሳህን ፊት ላይ ዜሮ አድርጉ፤ ከዚያ መስመሩ ላይ አሳርፋችሁ ያነበባችሁትን ጻፉ። በሦስቱ ክንፎች መካከል ከ0.2 ዲግሪ በላይ ልዩነት ካለ፣ ንዝረቱ በመጀመሪያ የሚያበላሸው የፑሌጃውን ኩሺኔታ ነውና ዙር ከመለካታችሁ በፊት እሱን አስተካክሉ። ከክንፉ ጫፍ አጠገብ እንጨት አቁማችሁ ፕሮፔለሩን በእጅ አዙሩት፤ ሦስቱም ጫፎች በ3 ሚሊ ሜትር ውስጥ በአንድ መስመር ማለፍ አለባቸው። ይህን ስታደርጉ የባትሪው ገመድ የተፈታ፣ ካንዴላዎቹም የወጡ ይሁኑ።

ከዚያ ሦስቱንም ክንፎች አንድ አንድ ዲግሪ ቀንሱና ሞክሩ። አንድ ዲግሪ እንደ ሞተሩና እንደ ክንፉ ከ150 እስከ 300 የሞተር ዙር ይለውጣል። እናንተ 900 ዙር ስለጎደላችሁ ከ3 እስከ 6 ዲግሪ ትወርዳላችሁ ማለት ነው። ለጊዜው ይህ ብቻውን መሪያችሁን ይመልስላችኋል።

ሆኖም በዚያው አትርኩ። በ1.7 ቅነሳ ሞተሩ 5,200 ሲደርስ ፕሮፔለሩ 3,060 ያህል ይዞራል፤ የክንፉ ጫፍ በሰከንድ 293 ሜትር ይበራል፤ ይህ ከድምፅ ፍጥነት 85 በመቶ ነው። እዚያ ላይ ጉልበቱ ወደ ጩኸት መቀየር ይጀምራል፤ በሐይቁ ዳር ያሉት የእስጢፋኖስ ገዳም አባቶችም ዓሣ አጥማጆቹም ይህን ጩኸት መሸከም የለባቸውም። የሞተሩን ፑሌጃ ባለ 30 ጥርስ፣ የፕሮፔለሩን ባለ 66 ጥርስ ብታደርጉ ቅነሳው 2.2 ይሆናል፤ ፕሮፔለሩም በ2,364 ዙር ይሠራል። አሁን ያለው 1.83 ሜትር ክንፍ አሁን ባለው ማዕዘን በዚህ ፑሌጃ ላይ ይቀልለውና ሞተሩ ከልኩ በላይ ይጮኻል። ስለዚህ ወደ 1.95 ሜትር ከፍ በሉ። የጫፉ ፍጥነት በሰከንድ 241 ሜትር አካባቢ ይሆናል፤ ይህ ጥሩ ነው። ከጫፉ እስከ ብረት መረቡ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይኑር፤ መረቡ በማዕበል ሲነቀነቅ እንደሚጎብጥ አትርሱ። መረቡ ካልበቃ ርዝመቱን ትታችሁ አራተኛ ክንፍ የሚቀበል መሐል ሳህን ፈልጉ።

ቅነሳ ሲበዛ አንድ ነገር አብሮ ይመጣል። ፕሮፔለሩ ወደ አንድ ወገን ሲዞር ጀልባው ወደ ሌላው መጋደል ይፈልጋል፤ በአዲሱ ፑሌጃ ይህ ኃይል ወደ 235 ኒውተን ሜትር ይሆናል፤ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከመሐል መስመሩ 40 ሴንቲ ሜትር ርቆ የተቀመጠ ያህል ነው። ቺንጋ የአዟዟር አቅጣጫ አይለውጥም። ስለዚህ ቮላኖው (ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ከባድ ክብ ብረት) ወደ ኋላ ከሆነ የኮሮላ ሞተር ከኋላ ሲታይ ወደ ግራ ይዞራል፤ ጀልባው በቀኝ በኩል ይሰጥማል። የቤንዚን ታንኩንና ባትሪውን በግራ አስቀምጡ። ከሁሉ በላይ የምትጠነቀቁት ከግራ ለሚመጣ ነፋስ ነው፤ ከፍ ያለውን መረብ ወደ ቀኝ ስለሚገፋው ሁለቱ ኃይሎች ይደመራሉ። ከግራ ነፋስ እየመታችሁ በድንገት ሙሉ ቤንዚን አትስጡ። ጀልባው በጎኑ እየተንሸራተተ ሳለ ዝቅ ያለው ጠርዝ ውሃ ከነከሰ ይገለበጣል።

ኤርቦት ፍሬን የለውም፤ ወደ ኋላም አይሄድም። የተሠራው ለሣርና ለቄጠማ፣ ለጥልቀት የለሽ ውሃ ነው። የእናንተ ሐይቅ ግን መሐሉ ከ80 ሜትር በላይ ይጠልቃል። የማዕበሉ ራስ ነጭ አረፋ ማውጣት ሲጀምር የትኛውም የፕሮፔለር ማስተካከያ አይጠቅማችሁም፤ ዳር ያዙ። የሰው ሕይወት ነውና ተንሳፋፊ ሰደርያ ያላጠለቀ ሰው አይሳፈር።

ጥያቄ፦ የኤርቦታችንን ዙር ጠዋት ስንለካ አንድ ቁጥር፣ ከሰዓት ስንለካ ሌላ ቁጥር ይሰጠናል። ማዕዘኑን ሳንነካው ለምን ይለያያል? (ከሐይቅ ከተማ)

መልስ፦ ነፋሱ ፕሮፔለሩን እያገዘው ወይም እየከበደው ስለሆነ ነው። አፍንጫው ወደ ነፋስ ሲዞር አየሩ ራሱ እየሮጠ ወደ ክንፉ ስለሚመጣ ክንፉ የሚነክሰው ይቀንሳል፤ ዙሩ ከፍ ይላል። ነፋሱ ከኋላ ሲሆን ተቃራኒው ይሆናል፤ ዙሩ ይወርዳል፣ ፕሮፔለሩም በተረበሸ አየር ውስጥ ስለሚሠራ ይንቀጠቀጣል። ነፋስ ፊት ለፊት እየመታው ማዕዘን ያስተካከለ ሰው፣ ዞሮ ሲመለስ ሞተሩ የሚታነቅበት ለዚህ ነው።

ስለዚህ የሚለካው ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት፣ ቅጠል በማይንቀሳቀስበት ጊዜ ነው። ጀልባውን ውሃ ላይ አድርጋችሁ ከኋላው በወፍራም ገመድ ከጠንካራ ግንድ ጋር እሰሩ፤ ገመዱ ከፕሮፔለሩ ንፋስ ዝቅ ብሎ ከቀፎው ሥር ይነሳ፣ ርዝመቱም ከ6 ሜትር አይነስ። በመሐል 300 ኪሎ የሚችል ተንጠልጣይ ሚዛን አስገቡ። ሞተሩ የሥራ ሙቀቱ ላይ ከደረሰ በኋላ ለ10 ሰከንድ ሙሉ ቤንዚን ስጡና ዙሩንም ኪሎውንም ጻፉ። ማዕዘን በቀየራችሁ ቁጥር ሁለቱንም መዝግቡ። ዙር እየጨመረ ኪሎው መጨመር ካቆመ፣ ከዚያ በታች ማዕዘን መቀነስ ሞተሩን ማስጮህ ብቻ ነው፤ አንድ ዲግሪ መልሱ። በ1.6 ሊትር ሞተርና በዚህ ከፍታ ከ150 እስከ 180 ኪሎ ካገኛችሁ ጥሩ ላይ ናችሁ። በሙከራው ጊዜ ከፕሮፔለሩ ጎንም ሆነ ከኋላው ሰው አይቁም፤ የመሬቱ ጠጠርም ይጠረግ።

ከሰዓት የአየሩ ሙቀት ከ15 ወደ 27 ዲግሪ ሲወጣ አየሩ 4 በመቶ ያህል ይሳሳል፤ ግፊቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። እሱን በማዕዘን ለማካካስ አትሞክሩ።

ጥያቄ፦ ጨፋ ረግረግ ላይ የሚሠራ ኤርቦት አስበናል። ፕሮፔለሩን ከዋንዛ እንጨት ማስጠረብ ይቻላል? (ከከሚሴ)

መልስ፦ አይሆንም። 2 ኪሎ የሚመዝን ክንፍ፣ ክብደቱ ከመሐል 40 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢያርፍ፣ በ2,364 ዙር ወደ ውጭ የሚጎትተው ኃይል 5 ቶን ያህል ነው። ዋንዛ ለበርና ለወንበር ግሩም እንጨት ነው፤ ግን ከአንድ ጣውላ የተጠረበ ፕሮፔለር አንድ የተደበቀ ጉጥ ይበቃዋል። የተፈተነ፣ ተደራርቦ የተጣበቀ የእንጨት ወይም የካርቦን ፕሮፔለር ግዙ። የእንጨቱን ከመረጣችሁ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፤ ወቅት በተለወጠ ቁጥር ቡሎኖቹን አምራቹ በሰጠው ልክ በቶርክ ቁልፍ እንደገና አጥብቁ። ጨፋ ከብት የሚውልበት ሜዳም ስለሆነ ከእረኞቹ ጋር ሳትነጋገሩ አትግቡበት።

ጥያቄ፦ በሐይቅ ላይ ሰው የማመላልስበት ባለ 40 ፈረስ ጉልበት የጀልባ ሞተር አለኝ። መጽሐፉ ሙሉ ቤንዚን ላይ ከ5,000 እስከ 5,500 ዙር ይላል፤ የእኔ ሰው ሲሞላ 4,700 ላይ ይቆማል፤ ነፋስ ሲኖር ደግሞ ማዕበሉ ላይ እየጮኸ ይስታል። ካርቡራተሩን አሳጥቤዋለሁ።

መልስ፦ እዚህ ላይ ነገሩ ከኤርቦት ይለያል። አየር በከፍታ ይሳሳል፣ ውሃ ግን አይሳሳም። ሞተርዎ ጉልበቱን አጥቷል፣ የፕሮፔለሩ ሸክም ግን እንዳለ ነው። ስለዚህ በውሃ ፕሮፔለር ላይ ከፍታ በቀጥታ ዙር ያወርዳል። ፕሮፔለሩ ላይ ሁለት ቁጥር ተመትቶ ያገኛሉ፤ የመጀመሪያው ስፋቱ፣ ሁለተኛው ፒቹ (ፕሮፔለሩ ሳይንሸራተት በአንድ ዙር ወደ ፊት የሚሄደው ርቀት) ነው፣ ሁለቱም በኢንች። አንድ ኢንች ፒች ሲቀነስ ዙሩ ወደ 200 ገደማ ይጨምራል። 13 የሚል ከሆነ 11 ይፈልጉ፤ ወደ 5,100 ይወጣልዎታል። ሲሞክሩት ባዶውን ሳይሆን እንደሚሠሩበት ሰውና ዕቃ ጭነው ይሁን። የውስጡን ማርሽ አይንኩ፤ የሚለወጠው ፕሮፔለሩ ነው።

ማዕበል ላይ እየጮኸ የሚስተው ፕሮፔለሩ አየር ስለሚስብ ነው። ከፕሮፔለሩ በላይ ያለው ጠፍጣፋ ሳህን ከጀልባው ሥር ጋር እኩል ወይም እስከ 2.5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ መቆም አለበት። ከፍ ብሎ ከሆነ ሞተሩን አንድ ቀዳዳ አውርደው ይሰሩት። ተሳፋሪ ሁሉ ከፊት ሲቀመጥም ኋላው ይነሳልና ያደላድሏቸው። ይህም ካልበቃ ባለ 4 ክንፍ ፕሮፔለር ማዕበል ላይ የተሻለ ይነክሳል።

ካርቡራተሩን ማሳጠብ ብቻ አይበቃም። ካንዴላው ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ቤንዚኑ በዝቶበታል፤ አምራቹ ለ2,000 ሜትር ከፍታ የሚያዘውን አነስ ያለ ጂግለር (በካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚመጥን ባለ ቀዳዳ ቁራጭ) ያስገቡለት። አሮጌውን ጂግለር በላስቲክ ጠቅልለው ከመሣሪያዎ ጋር ያስቀምጡ፤ ሞተሩ ቆላ ወርዶ የሚሠራ ከሆነ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ፒስተኑን ያቀልጣልና ከመነሳቱ በፊት ይመለስ።