ዱቄቱ ገንዳው ውስጥ አለ፣ ቅቡ ላይ ግን የለም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የፓምፕ ዘንጎች ቶሎ እንዳይበሉ ፈሳሽ ገንዳ ውስጥ በኤሌክትሪክ ኃይል በኒኬልና በሲሊከን ካርባይድ (በጣም ጠንካራ ቅንጣት) ዱቄት እቀባቸዋለሁ። በሊትር 40 ግራም ዱቄት እጠቀማለሁ። ቅቡ ከላይ በኩል እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሻክራል። ከታች በኩል ዱቄት የለበትም ማለት ይቻላል። ዱቄቱን 80 ግራም ባደርሰውም ያው ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እባክዎ ዱቄት መጨመሩን ያቁሙ። ዘንጉን ገንዳው ውስጥ አጋድመው እንደሚሰቅሉት ከአገላለጽዎ ገባኝ። እንደዚያ ከሆነ ዱቄቱ እየዘቀጠ ላዩ ላይ እየወረደበት ነው።

እኔም በዚሁ ነገር ወራት ለፍቻለሁ። አንድ ቀን የተቀባ ዘንግ ቆርጬ፣ አለስልሼ በማይክሮስኮፕ አየሁት። ከላይ በኩል ቅንጣቶቹ አንዱ በአንዱ ላይ ተከምረዋል፤ በመሃላቸው ጥቁር ክፍተት እንጂ ኒኬል የለም። ከታች በኩል ደግሞ ንጹህ ነጭ ኒኬል። በጥፍሬ ስፍቀው የላይኛው ተራገፈ።

ጉግሊየልሚ የተባለ ተመራማሪ በ1972 ያቀረበው ማብራሪያ ይህን ለመረዳት ይጠቅማል። ቅንጣቷ መጀመሪያ ብረቱ ላይ ላላ ብላ ታርፋለች። ቀጥሎ ኤሌክትሪኩ አጥብቆ ይይዛትና ኒኬሉ ዙሪያዋን እየበቀለ ይውጣታል። በሁለቱ መሃል ጊዜ ያስፈልጋታል። ገንዳው በደንብ ካልተማሰለ ዱቄቱ ይዘቅጣል። ከልክ በላይ ከተማሰለ ደግሞ ቅንጣቷ ሳትያዝ ታጥባ ትሄዳለች። ስለዚህ መጀመሪያ ማማሰሉን ያስተካክሉ። ዘንጉን አቁመው ይስቀሉት፣ ቀስ ብሎም ይሽከረከር። ፈሳሹን ከገንዳው ወለል ስቦ ወደ ላይ የሚመልስ ፓምፕ ይግጠሙ። የገንዳውን ማዕዘኖች በቀጭን በትር ነካ እያደረጉ ይፈትሹ። እዚያ ክምር ካገኙ ያ ዱቄት ለቅቡ አልደረሰም ማለት ነው።

ደረቅ ዱቄት እንዳለ አይገልብጡ፣ ይጓጉላል። ከገንዳው ትንሽ ፈሳሽ ቀድተው እንደ ሊጥ ያርሱት፣ ለሰዓታት ያማስሉት፣ ከዚያ ይጨምሩት። ሲታብ (CTAB) የሚባለው ሳሙና መሰል ኬሚካል ለቅንጣቱ ፖዘቲቭ ቻርጅ ስለሚሰጠው ወደ ካቶዱ፣ ማለትም ኔጌቲቭ ወደሆነው ወደሚቀባው ዘንግ፣ መሄድ ይቀለዋል። ግን በጣም በጥቂቱ። ሲበዛ ቅቡ ይደርቅና ይሰነጠቃል።

አምፔሩስ? በካሬ ዴሲሜትር 4 አምፔር፣ ብክነት ከሌለ፣ በሰዓት 49 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) ገደማ ውፍረት ያለው ኒኬል ያስቀምጣል። አምፔሩን ሲጨምሩ ኒኬሉ ይፈጥናል፣ ዱቄቱ ግን ብዙ ጊዜ በዚያው ልክ አይደርስለትም። ጠርዙ ይቃጠላል፣ ሃይድሮጂኑም ጉድጓድ ጉድጓድ ያወጣበታል። ለሁሉም ገንዳ የሚሆን አንድ ቁጥር የለም። ሌላውን ሳይነኩ በካሬ ዴሲሜትር በ2፣ በ3፣ በ4 እና በ5 አምፔር ይሞክሩ።

ሙቀቱን 50 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ፒኤቹን (የአሲድነት መለኪያውን) 4 አካባቢ ያቆዩት። ከ5 ካለፈ ብረቱ አጠገብ የኒኬል ሃይድሮክሳይድ ይፈጠርና ከቅቡ ጋር ይገባል። ገንዳው ውስጥ ያለው ቦሪክ አሲድ ፒኤቹ እንዳይዋዥቅ ስለሚያግዝ እንዳይጎድል ይጠንቀቁ።

አሁን ዋናው ነገር። ቅቡ ምን ያህል ዱቄት እንደያዘ በዓይን አይገምቱ። ለአራቱም የአምፔር ሙከራዎች አንዳንድ ቀጭን የመዳብ ቁራጭ ያዘጋጁ፤ እያንዳንዱን ሳይቀባና ከተቀባ በኋላ ይመዝኑ፤ ልዩነቱ የቅቡ ክብደት ነው። ከዚያ በናይትሪክ አሲድ ያሟሙት። መዳቡና ኒኬሉ ይሟሟሉ፣ ሲሊከን ካርባይዱ ይቀራል። አጣርተው፣ አጥበው፣ አድርቀው ይመዝኑት። ሲሟሟ የሚወጣው ቡናማ ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። ጭስ መምጠጫ ያለው ቦታ ከሌለዎት አይሞክሩት፣ ላቦራቶሪ ይስጡት። የኒኬል ፈሳሽም ቆዳ ያስቆጣል፣ ጓንት አይርሱ።

የአራቱን ቁራጮች ውጤት ይላኩልኝ። ዘንጉ እንዴት እንደተሰቀለ የሚያሳይ ፎቶም ያያይዙበት።