ማኅበር ልግባ ወይስ ለብቻዬ ልሥራ?

ስለ እጅ ሥራ ማኅበራት ከላካችሁልኝ ጥያቄዎች ለጥቂቶቹ መልስ ይዣለሁ።

የሰፈራችን ሸማኔዎች የቆየ እቁብ አለን። እሱው ማኅበር አይሆንም ወይ?

አይሆንም። እቁብ ጥሩ ነው፣ ገንዘብ ያዟዙራል። ግን በስሙ ውል አይፈርምም፣ ጨረታም አይገባም። ለዚያ ተመዝግቦ ሕጋዊ ሰውነት ማግኘት ያስፈልጋል።

የማኅበራችን ስም በእንግሊዝኛ ቢሆን ገዢ ይበዛልናል?

ገዢ የሚያየው ሥራችሁን ነው። በአማርኛ ይሁን።

ከባሕር ዳር፣ ከሽምብጥ ሰፈር የጻፈች እኅት መሶብና አገልግል ትሰፋለች። ነጋዴ ቤቷ ድረስ መጥቶ ይወስድላታል። መዋጮ ከፍዬ ምን አተርፋለሁ ትላለች።

እኅቴ፣ ነጋዴው መቼ መቼ እንደሚመጣ አስተውለሻል? የቤት ኪራይ ሲደርስ፣ ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ በዓል ሲቃረብ ነው። ብር እንደቸገረሽ ያውቃል። ዋጋውን የሚቆርጠውም ችግርሽን አይቶ እንጂ የደከምሽበትን ቀን ቆጥሮ አይደለም። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ለብቻዋ የምትሰፋ ሴት «በዚህ ዋጋ አልሸጥም» ለማለት አቅም የላትም። የጋራ ቁጠባ ያለው ማኅበር ውስጥ ከሆንሽ ግን ትንሽ ተበድረሽ ኪራዩን ትከፍያለሽ፤ መሶቡ ደህና ገዢ እስኪመጣ ይቆያል።

ጥሬ ዕቃውንም አስቢ። ሰንደዶና አክርማ ክረምቱ ሲወጣ እንደልብ ይገኛል፤ በጋው ሲገፋ ይወደዳል። ተሰብስባችሁ በወቅቱ ብትገዙ ዓመቱን ሙሉ ትሠሩበታላችሁ። አንድ ሆቴል ብዙ መሶብ በአንድ ልክ ቢያዝሽ ለብቻሽ አትደርሺበትም፤ ማኅበር ግን ይቀበለዋል።

ክብርም አለ። በአገራችን የእጅ ባለሙያ ብዙ ተሰድቧል። ዳግማዊ ምኒልክ ስድቡን የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት ደርሰው ነበር። ስድቡ በአዋጅ ብቻ አልጠፋም። የተደራጀ ባለሙያ ግን ስለ ሥራው በሚመከርበት ስብሰባ ላይ ወንበር አለው።

ብቻ ዝም ብለሽ አትግቢ። መተዳደሪያ ደንቡን አስነብቢ። ስትወጪ ዕጣሽ፣ ማለትም ስትገቢ የገዛሽው ድርሻ፣ እንዴት እንደሚመለስልሽ ጠይቂ። የኅብረት ሥራ ማኅበር ከሆነ ትርፍ ለአባላት ይከፋፈላል፤ ዕጣ ያበዛም ያሳነሰም ድምፁ አንድ ነው። የሙያ ማኅበር ከሆነ ትርፍ አይከፋፈልም።

ታንኳ እሠራለሁ። የምሠራበት የሐይቅ ዳር ተክል፣ ደንገሉ፣ እያለቀ ነው፤ ማኅበር ምን ይፈይዳል?

ወንድሜ፣ ማኅበር ደንገል አያበቅልም። የጣና ሐይቅ ዳር ሲታረስ፣ እምቦጭ የሚባለው አረም ሲወርረው ግን ብቻህን ቢሮ ብትሄድ «ነገ ና» ትባላለህ። ማኅተም ያለው ደብዳቤ መዝገብ ቤት ይገባል፤ ቁጥር ይሰጠዋል፤ መልስ ይጠየቅበታል። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ፣ ማለትም ተፈጥሮው ከሰው ኑሮ ጋር ተጣጥሞ የሚጠበቅበት ቦታ፣ ሆኖ ተመዝግቧል። ስለ ዳርቻው ሲመከር ታንኳ ሠሪ መጠየቅ አለበት፤ ጥያቄውን ይዛችሁ ቅረቡ።

ግብሩስ?

ገቢዎች ቢሮ ጠይቁ።

ሊቀ መንበራችን ዘመዴ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሒሳብ አላሳየንም። ብናገር ቤተሰብ ይቀየመኛል።

ቅያሜውን ፈርተህ ዝም አትበል፤ ገንዘቡ የሁላችሁም ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበር ሒሳብ በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ ኦዲት እንዲደረግ ሕጉ ያዛል። አባላቱን አስፈርምና የአካባቢያችሁን ኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ኦዲት በጽሑፍ ጠይቅ። የማመልከቻውን ቅጂ ያዝ። ይህን ደግሜ እላለሁ፣ በቃል ብቻ እንዳትጠይቅ። ገንዘብ ጎድሎ ከተገኘ ሽማግሌ ከመላክ በፊት ጠበቃ አማክሩ። ኦዲቱ እስኪያልቅ ድረስም አዲስ መዋጮ እንዳትከፍሉ።