ውሻ ማዋጋትና ሕጉ፦ ለጠየቃችሁኝ መልስ

ጎንደር ውስጥ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ባለፈው ሳምንት «ውሻ እያዋጉ የሚወራረዱ ሰዎች ቅጣታቸው ይክበድ» ብዬ ጽፌ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። የደረስኩባቸውን እነሆ።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ውሻ ከውሻ ጋር ሲናከስ የኖረ ነው። ሰው እንዳዋጋው በምን ያውቃሉ?

ከቁስሉ ነው። መንገድ ላይ የተጣሉ ውሾች ቶሎ ይለያያሉ። አንዱ ጅራቱን ወትፎ ይሸሻል፤ ንክሻውም እዚህም እዚያም ነው። እንዲዋጋ የተደረገ ውሻ ግን መሸሻ የለውም። ፊቱ፣ አንገቱና የፊት እግሮቹ ላይ አዲስ ቁስል በአሮጌ ጠባሳ ላይ ተደርቦ ይገኛል።

አንድ ምሽት ሁለት ልጆች ቡላ ውሻ በማዳበሪያ ጠቅልለው አመጡልኝ። ጆሮው በምላጭ ተቆርጧል፤ ጠርዙ ገና አልደረቀም። ጆሮ የሚቆርጡት ሌላው ውሻ ነክሶ የሚይዘው እንዳያገኝ ነው። አንገቱ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ከምስር ፍሬ አይበልጡም። ጸጉሩን ላጭቼ ስነካው ግን ቆዳው ከሥጋው ተላቆ እንደ ባዶ ከረጢት ይንሸራተታል። የውሻ ንክሻ እንዲህ ነው። ከላይ ትንሽ ይመስላል፤ ከሥር ሥጋውን ቦጫጭቆታል። ማደንዘዣ እስክወጋው ድረስ ጅራቱን ይቆላ ነበር። ልጆቹን «ማን ነው ያዋጋው?» ስላቸው አቀረቀሩ።

ጥያቄ፦ ሕጉ አሁን ምን ይላል? የሚከለክል ነገር አለ እንዴ?

አለ። ብዙ ሰው የሌለ ይመስለዋል። በአዋጅ ቁጥር 414/1996 የወጣው የወንጀል ሕግ በእንስሳት ላይ መጨከንን ይከለክላል፤ እንስሳትን እስከ ሞት ማፋለምንም ጨምሮ። ችግሩ የተቀመጠበት ቦታ ነው። ያለው በደንብ መተላለፍ፣ ማለትም በቀላል ጥፋቶች፣ ክፍል ውስጥ ነው። እዚያ ያለው ቅጣት መቀጮ ወይም የማረፊያ ቤት እስራት ሲሆን፣ እስራቱ በመደበኛው ከ1 ቀን እስከ 3 ወር ነው።

ሌላም ቀዳዳ አለ። በደንብ መተላለፍ ሙከራ አያስቀጣም። ውሾቹ በገመድ ተይዘው፣ ብሩ ተሰብስቦ፣ ሰው ከቦ ቆሞ ፖሊስ ቢደርስ «ገና መቼ ጀመርን?» ማለት ይቻላል። ታዲያ ፖሊሱ መድረስ ያለበት አንዱ ውሻ ከተገነጣጠለ በኋላ ነው? ለዚህ ነው ቀኑ ይጨመር ብቻ የማልለው። ጉዳዩ ራሱ ከደንብ መተላለፍ ወጥቶ ከዋናዎቹ ወንጀሎች ጎን ይቀመጥ። ፍልሚያውን የሚያዘጋጀው፣ ብር የሚይዘው፣ ውሻውን ለዚህ ብሎ የሚያሳድገው ሁሉ በስሙ ይጠራ።

ጥያቄ ከአዘዞ፦ የክልሉ ምክር ቤት ወይም ከተማው ራሱ ቅጣቱን ቢያከብደውስ?

ጥሩ ጥያቄ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 መሠረት የወንጀል ሕግ የሚያወጣው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ክልል ሊያወጣ የሚችለው የፌዴራሉ ሕግ ባልሸፈነው ጉዳይ ላይ ነው። ይሄኛው ደግሞ ስስ ቢሆንም ተሸፍኗል። ስለዚህ ማሻሻያው ከላይ ነው መምጣት ያለበት። እስከዚያው ምዝገባና ክትባት በየቀበሌው ቢጠናከር ትልቅ ነገር ነው። ባለቤቱ የታወቀ ውሻ ቆስሎ ሲገኝ የሚጠየቅ ሰው ይኖራል። አሁን ሁሉም «የእኔ አይደለም፣ የመንገድ ውሻ ነው» ይላል።

ጥያቄ፦ ሌላ አገር ቅጣት አክብደው ምን አገኙ?

እንግሊዝ ውሻ ማዋጋትን የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1835 ነው። ከፍተኛው እስራት ግን ለረጅም ጊዜ 6 ወር ነበር፤ ወደ 5 ዓመት ያደገው በ2021 ነው። በአሜሪካ ከ2008 ጀምሮ በ50ዎቹም ግዛቶች ከባድ ወንጀል ነው። ታዋቂው የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋች ማይክል ቪክ በ2007 የ23 ወር እስራት ተፈርዶበታል። ለውሾቹ ማገገሚያም ወደ 1 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ከፍሏል። ብዙዎቹ ውሾች ሰው ቤት ገብተው ኖረዋል።

እኔን የሚበልጥብኝ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ነው። ቆሞ ያየ እስከ 1 ዓመት፣ ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ይዞ የመጣ እስከ 3 ዓመት ይታሰራል። ተመልካች ከሌለ ውርርድ የለም። እኛም ጋ ይህ ቢገባ ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ ኮርማ ሲዋጋ እያየን አይደል ያደግነው? እሱም ወንጀል ሊባል ነው?

ኮርማ ሲገፋፋ የደከመው ዞሮ ይሄዳል፤ እረኛውም ያባርርለታል። ቀንድ ስሎ፣ መውጫ ዘግቶ የሚያዋጋ ካለ ግን ያው ነው።

ጥያቄ፦ ሰው እየተቸገረ ስለ ውሻ ማውራት አይከብድም?

ችግሩን አውቀዋለሁ፤ አብረን ነው ያለነው። ግን ልጆች ከበው «ያዘው! ያዘው!» ሲሉ፣ ትልቅ ሰው ደግሞ በደሙ ላይ ብር ሲቆጥር፣ ይሄ የሰው ጉዳይ አይደለም?

ጥያቄ፦ ላላቅቃቸው ስገባ እጄን ነከሰኝ። ጸበል ልሂድ?

ወንድሜ፣ መጀመሪያ በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ እጠበው። ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሂድ። ጸበሉን አልከለክልህም፤ ክትባቱን ግን አስቀድም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚያድን መድኃኒት የለም። ባለቤቱ ከታወቀ ደግሞ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2071 እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ «አምልጦኝ ነው» ማለት አያድነውም።

ጥያቄ፦ ልጄ 12 ዓመቱ ነው። ከሰፈር ልጆች ጋር ውሻችንን ይዞ ወደ ቀሃ ወንዝ ይወርዳል። ሲመለሱ ውሻው ደም በደም ነው። ለፖሊስ ልንገርበት?

አይ እናቴ፣ በልጁ ላይ ፖሊስ አያሻም። እኔ የምከራከረው ስለሚያወራርዷቸው ትልልቆች ነው። ቅዳሜ ጠዋት ልጁንም ውሻውንም ይዘውልኝ ይምጡ። ቁስሉን እሱ ራሱ ይጠበው። ክትባቱን ስሰጥም አንገቱን እሱ ይያዝልኝ። ብሩን ማን እንደሚሰበስብ ያኔ ቀስ ብዬ እጠይቀዋለሁ።