ፒን የሌለው ቦውሊንግ፣ ለጠየቅሽው እህቴ

እህቴ «የሥራ ቦታችን የዓመት መጨረሻ ፓርቲ ሎን ቦውልስ (ሣር ላይ የሚጫወቱት ቦውሊንግ) ክለብ ነው ተባልን፣ ጨዋታውን ጭራሽ አላውቀውም፣ ኳሱም ወደ ጎን ነው የሚሄደው ይላሉ፣ እንዴት ነው ነገሩ» ብለሽ ለጠየቅሽው፣ እኔ እዚሁ ሜልበርን በምዕራቡ በኩል ስጫወት ስድስት ዓመት ሆኖኛል የማውቀውን ልንገርሽ፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሺኝ።

በመጀመሪያ የፒኑን ቦውሊንግ እርሺው። የዚህኛው ዘመድ፣ ልጅ ሆነን የተጫወትነው ብይ ነው፣ ማን ለጉድጓዱ ቀረበ እያልን የምንጨቃጨቀው። ጃክ የምትባል ትንሽ ነጭ ወይ ቢጫ ኳስ አለች፣ ተራው የደረሰው ሰው ትንሿ ምንጣፍ ላይ ቆሞ ያንከባልላታል፣ ከምንጣፉ ቢያንስ 23 ሜትር ርቃ መቆም አለባት፣ ከዛ ሁሉም ሰው ትልልቆቹን ኳሶች በየተራ እያንከባለለ እሷ ጋ ለመጠጋት ነው ትግሉ። ተጥሎ ሲያልቅ ነጥብ የሚያገኘው አንድ ቡድን ብቻ ነው። የእናንተ ሁለት ኳሶች ከነሱ ምርጥ ኳስ በላይ ለጃክ ከቀረቡ ሁለት ነጥብ፣ ሦስት ከሆኑ ሦስት። ይሄ አንድ ኤንድ ይባላል፣ ቀጥሎ ከወዲያኛው ጫፍ ወደዚህ ትመለሳላችሁ።

አሁን ዋናው ነገር። ትልልቆቹ ኳሶች ድቡልቡል ይመስሉሻል እንጂ አይደሉም፣ አንዱ ጎናቸው ከሌላው በቅርጽ ይለያል ስለዚህ ፍጥነታቸው ሲቀንስ ወደዛ ጎን ይታጠፋሉ፣ ባያስ የሚሉት እሱን ነው። ውስጡ እርሳስ አለው የሚሉሽ ሰዎች አይጠፉም ግን የዛሬዎቹ ጠንካራ ፕላስቲክ ናቸው፣ የሚያጥፋቸው ቅርጻቸው ነው። ኳሱን ስታነሺ ሁለቱንም ጎን እዪው፣ በአንዱ በኩል ትልቅ ምልክት በሌላው ትንሽ ምልክት አለ። ኳሱ የሚታጠፈው ወደ ትንሹ ምልክት ነው። ቀኝ እጅ ከሆንሽና ወደ ቀኝ አስፍተሽ ልትጥዪ ከሆነ ትንሹ ምልክት በግራ በኩል ይሁን፣ ወደ ግራ አስፍተሽ ከሆነ ደግሞ በቀኝ። ሌላውን ሁሉ ብትረሺ ይሄን እንዳትረሺ እባክሽ። እኔ የመጀመሪያ ቀን ማንም ሳይነግረኝ ገልብጬ ይዤ ለቀቅኩት፣ ኳሱ የኛን ሪንክ፣ ማለት ለኛ የተመደበልንን የሜዳውን ክፍል፣ አልፎ ጎረቤቶቹ ጋ ገባና የነሱን ጃክ መታው፣ ሰዎቹ ጥሩ ይዘውት የነበረው ኤንድ ተበላሸባቸው። አልተቆጡም ግን እኔ ከዛ በኋላ ሳላይ ጥዬ አላውቅም፣ ምንጣፉ ላይ ስቆም ምልክቱን በአውራ ጣቴ ነክቼ ነው የምለቀው።

ሁለተኛው ነገር፣ ጃክን አትዪያት። ጃክን እያየሽ ከጣልሽ እጅሽ ወደሷ ይሄዳል፣ ኳሱ ደግሞ መጨረሻ ላይ ስለሚታጠፍ ሌላ ቦታ ነው የሚቀመጠው። ያስተማሩኝ አንድ 80 ዓመት ያለፋቸው ሴትዮ ናቸው፣ መናገር ሲሰለቻቸው ሄደው ሜዳው መሀል አካባቢ ቆሙ፣ ከጃክ መስመር ወደ ቀኝ ሁለት እርምጃ ወጣ ብለው፣ ነጭ ጫማቸውን አሳዩኝና «ጃኳን ተያት፣ ጫማዬን ምቺ» አሉኝ። ጫማቸው ላይ አነጣጥሬ ለቀቅኩ፣ እሳቸው እግራቸውን አንስተው አሳለፉት፣ ኳሱ ቀጥ ብሎ ሄደ ሄደ ሄደና ሊቆም ሲል ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ገባ፣ ጃኳ አጠገብ አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመ። ያኔ ነው የገባኝ። ስለዚህ ሣሩ ላይ አንድ ምልክት ፈልጊ፣ ቅጠልም ይሁን የደረቀ ሣር፣ እሱ ላይ ጣዪና ቀሪውን ለኳሱ ተዪለት። ምን ያህል ማስፋት እንዳለብሽ የሚነግርሽ ሣሩ ነው፣ የአውስትራሊያ ሜዳ ከእንግሊዙ ይፈጥናል፣ ሜዳው ሲፈጥን ደግሞ ኳሱ ረጅም ጊዜ ስለሚንከባለል የበለጠ ይታጠፋል።

ግን የኔን እውነት ከጠየቅሽኝ ከአቅጣጫው ይልቅ ርቀቱ ይበልጣል። ጀማሪ ሁሉ የሚጨነቀው ለአቅጣጫ ነው። አንድ ሜትር ወደ ጎን የሳተ ኳስ ርቀቱ ልክ ከሆነ አሁንም ነጥብ ሊሆን ይችላል፣ በአምስት ሜትር ያጠረ ኳስ ግን ምንም አይረዳሽም መንገድ ነው የሚዘጋብሽ። ጉልበት አትጠቀሚ፣ አንድ እግር ወደ ፊት፣ ጎንበስ፣ ክንድ እንደ ዥዋዥዌ ወደ ኋላና ወደ ፊት፣ ኳሱን ሣሩ ላይ አስቀምጪው እንጂ አትወርውሪው። ጧ ብሎ ካረፈ ሜዳው ይጎዳል፣ ሜዳውን የሚንከባከቡት ሰዎች ደግሞ እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩት። ስትለቂ አንድ እግርሽ ምንጣፉ ላይ ወይም ከምንጣፉ በላይ መሆን አለበት።

ሌሎቹ ትንንሽ ናቸው። ሌላ ሰው ሲጥል ዝም ብለሽ ቁሚ አትንቀሳቀሺ። ጃክን ነክቶ የቆመ ኳስ ላይ በጠመኔ ምልክት ያደርጉበታል፣ ግራ አይግባሽ፣ እሱ ኳስ ጫፍ ላይ ያለው ቦይ ውስጥ ቢወድቅ እንኳን አይሞትም ይቆጠራል፣ ሳይነካ የገባ ግን ከጨዋታ ይወጣል። ኳሶቹ እኩል የቀረቡ ሲመስሉ ሜትር አውጥተው ይለካሉ፣ እስኪለኩ ምንም ነገር እንዳትነኪ። ቡድናችሁ አራት ሰው ከሆነ ለእያንዳንዱ ሁለት ኳስ ነው፣ አንቺን ሊድ ያደርጉሻል መሰለኝ፣ መጀመሪያ የምትጥዪው ማለት ነው፣ ለጀማሪ እሱ ይሻላል ምክንያቱም መንገዱ ገና ባዶ ነው። ስኪፑ፣ የቡድኑ አለቃ ማለት ነው፣ ወዲያ ጫፍ ቆሞ በእጁ ያሳይሻል እሱን ስሚ።

«የሽማግሌ ጨዋታ ነው» ያሉሽን ደግሞ አትስሚያቸው። የብሪታንያና የቀድሞ ቅኝ ግዛቶቿ ልጆች የሚወዳደሩበት ኮመንዌልዝ ጌምስ ላይ ከ1930 ጀምሮ አለ፣ የቀረው በ1966 ብቻ ነው። አዎ ሽማግሌም ያሸንፍበታል፣ በ2022 በርሚንግሃም ላይ የ75 ዓመቱ ስኮትላንዳዊ ጆርጅ ሚለር የማየት ችግር ላለባቸው በተዘጋጀው የዚሁ ጨዋታ ውድድር ተጫዋች እየመሩ ወርቅ ወስደዋል። እኔ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ አረጋውያን ሳነሳ ሳስቀምጥ ስለምውል ወገቤን ያሳረፈልኝ ቅዳሜ እዚህ ሣር ላይ መቆም ነው፣ ሰው ያወቅኩትም እዚህ ነው። ለሻይ ሰዓት ድፎ ዳቦ ይዤ ስሄድ ሳንድዊቹን ትተው እሱን ነው የሚጨርሱት።

ለቀኑ ሶሉ ለጥ ያለ ጫማ አድርጊ፣ ሂል በፍፁም፣ ባዶ እግር የሚፈቅዱም አሉ። ኮፍያና ሰንስክሪን ያዢ። ኳስ ስትመርጪ የሁለት እጅሽን አውራ ጣቶችና መሀል ጣቶች ዙሪያውን አገጣጥሚያቸው፣ ካልተገናኙ ትልቅ ነው አነስ ያለ ውሰጂ። ከተቻለ ግማሽ ሰዓት ቀድመሽ ድረሺና አራት አምስት ኳስ ወዲያ ወዲህ ሞክሪ። ቅዳሜ ከሰዓት ከሆነ እኔም በዛ አካባቢ ስለማልጠፋ የክለቡን ስም በውስጥ መስመር ላኪልኝ፣ መጥቼ መሀል ላይ እቆምልሻለሁ።