ከማመልከታችሁ በፊት ርክክብ ልመዱ

ልጆቼ፣

ሰሞኑን እዚህ ጎንደር ለአንድ ሙዚየምና የጥናት ቤተ መጻሕፍት ዳይሬክተር ይፈለጋል የሚል ማስታወቂያ ወጥቷል። ሁለተኛ ዲግሪ፣ 8 ዓመት የሥራ ልምድ፣ ከዚያ ውስጥ 4ቱ በኃላፊነት፣ ይላል። እኔ ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ። ግን ሥራውን ታውቀዋለህ ብለው የምርጫ ኮሚቴው ውስጥ አስገብተውኛል። ማስታወቂያው ከተለጠፈ ወዲህ ስልኬ አላረፈም። «ጋሼ፣ እኔ ብወዳደር ምን ይመስልዎታል?» ትሉኛላችሁ። ለአንዱ ነግሬ ለሌላው ብደብቅ ደግ አይደለም። ስለዚህ የማስበውን ለሁላችሁም እዚህ እጽፈዋለሁ።

ቃለ መጠይቁ ላይ አንድ ጥያቄ አለኝ። አስቀድሜ ልንገራችሁ። «ለመጨረሻ ጊዜ ንብረት የተረከቡት መቼ ነው? ቆጥረው ነው የተረከቡት? ምን ጎድሎ አገኙ?»

ለምን እንደምጠይቅ ላስረዳችሁ። የመጀመሪያ ሥራዬን ስይዝ የዕቃ ክፍል ቁልፍ ተሰጠኝ። የሚያስረክቡኝ ሰው ወደ ሌላ ከተማ ተዛውረው መኪና ይጠብቃቸው ነበር። መዝገቡን ገለጥ ገለጥ አድርገን ፈረምኩ። ወጣት ነበርኩ። ትልቅ ሰው ፊት «ቆይ ልቁጠር» ማለት ድፍረት መሰለኝ። ከዓመት በኋላ አንዲት ተመራማሪ መጣች። ከዚያ በፊት አይታት የነበረች አንዲት ትንሽ ዳዊት እንዳወጣላት ጠየቀችኝ። ፈለግን፣ የለችም። መዝገቡን አየን። «የብራና መጽሐፍ፣ ትንሽ፣ 1» ይላል፤ በቃ። ለፖሊስ ምን ብዬ ላመልክት? ስንት ቅጠል ነበራት? ሥዕል አላት? ሽፋኗ ምንድን ነው? ዛሬ ያቺ ዳዊት የሆነ አገር ለጨረታ ብትቀርብ የኛ መሆኗን ማሳየት አልችልም። ይህን ሳስብ አሁንም እንቅልፍ እምቢ ይለኛል።

ጎንደር እንዲህ ያለውን ሐዘን ለረጅም ጊዜ ታውቀዋለች። ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አድባራት የሰበሰቧቸው መጻሕፍት መቅደላ አምባ ላይ ነበሩ። ንጉሡ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ የእንግሊዝ ጦር መጻሕፍቱን ዘርፎ ወሰደ። 350 ያህሉ ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። ዊሊያም ራይት የሚባል ምሁር በ1877 እ.ኤ.አ. የሙዚየሙን የግዕዝ መጻሕፍት ዝርዝር አሳተመ። አስቡት፣ ከመቅደላ ገና 9 ዓመት ነው። እያንዳንዱ መጽሐፍ ቁጥር ተሰጥቶት፣ ቅጠሉ ተቆጥሮ፣ ይዘቱ ተጽፎለታል። ዛሬ ይመለሱልን ስንል ጣታችንን የምናሳርፈው በዚያ ዝርዝር ላይ ነው። በ1880 ዓ.ም. ከሱዳን የመጣው የድርቡሽ ጦር ጎንደር ገብቶ አድባራቱን ሲያቃጥል የነደዱትን ግን ማን ዘርዝሮ አኖረልን?

ይህን ስል አባቶቻችን መመዝገብ አያውቁም ነበር ማለቴ እንዳይመስላችሁ። ያውቁ ነበር። የደብሩን ርስትና ንብረት የሚጽፉት በወንጌሉ ባዶ ቅጠል ላይ ነው፤ ማንም አውጥቶ እንዳይጥለው። ብዙ የብራና መጽሐፍ ብትገልጡ ደግሞ እንዲህ የሚል ታገኛላችሁ። «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ይኩን።» የሰረቀውም የፋቀውም በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን ማለት ነው። ይህን ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ፣ ያስተዋልኩት ግን ካረጀሁ በኋላ ነው። የባለቤቱን ስም የሚፍቀው ሰው ከሌባው እኩል ተወግዟል። ጽሑፉን ማጥፋት መጽሐፉን ከመውሰድ አይለይም ማለታቸው ነው። እኔም ዳይሬክተር የምለው ይህ የገባውን ሰው ነው።

ኮሚቴ ላይ የምሰማው ሌላ ነው። «ፕሮጀክት የሚያመጣ ሰው እንፈልግ፣ የውጭ ግንኙነት ያለው እንፈልግ» ይባላል። ፕሮጀክት ክፉ አይደለም። ግን ምን እንዳለው የማያውቅ ቤት ለምኑ ነው ገንዘብ የሚለምነው? በዚህ ጉዳይ ከጓደኞቼ ጋር ተከራክሬአለሁ፣ ወደፊትም እከራከራለሁ።

ሌላው የጣሪያ ነገር ነው። የበጀት ዓመታችን የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው። ጎንደር ደግሞ ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ የሚበረታበት ጊዜ ነው። ሰኔ ላይ ሒሳብ ይዘጋል። ሐምሌ ላይ አዲሱ በጀት እስኪለቀቅ፣ ጨረታ እስኪወጣ፣ ክረምቱ ያልቃል። ቆርቆሮው እስከዚያ ያፈሳል። ብራና ቆዳ ነው፤ እርጥበት ሲነካው ያብጣል፣ ይጨማደዳል፣ ሽፋኑን ገፍቶ ይከፈታል። እኔ አንድ ክረምት ሙሉ ባልዲ ስደረድር ከርሜአለሁ። ገንዘብ ጠፍቶ አልነበረም። የጥገና ጥያቄውን ያስገባሁት ግንቦት ላይ ነበር፤ ጥር ላይ ማስገባት ነበረብኝ። አሁን ብሆን ጥምቀት ባለፈ ማግስት፣ እንግዳው ከፋሲለደስ መዋኛ ሳይበተን፣ መሰላል አስደግፌ ጣሪያውን አየዋለሁ። የግዢ መመሪያ ማንበብ አሰልቺ ነው የምትሉ አላችሁ። አንብቡት። መጻሕፍቱ በክረምት የሚድኑት በሱ ነው።

ሙዚየምና ቤተ መጻሕፍት ባንድ ጣሪያ ሥር ሲሆኑ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ከቤተ መጻሕፍት ወገን የመጣ ዳይሬክተር ዕቃውን ይረሳል። ከሙዚየም ወገን የመጣው አንባቢውን ይረሳል። በ1963 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሁለቱንም አዲስ አበባ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ያሳደገ ቤት ነው። የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ፤ ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ደግሞ የመጻሕፍቱንም የሙዚየሙንም ሥራ ይዘው ሠርተዋል። ሁለቱን አጣምሮ መሥራት ይቻላል።

ከኛው ከተማ ምሳሌ ልስጣችሁ። የዜማው መጽሐፍ፣ ድጓው፣ ቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ ላይ ነው። ጸናጽሉና መቋሚያው ሙዚየሙ መስታወት ውስጥ ናቸው። ድጓውን የሚያዜመው፣ መቋሚያውን የሚያነሣው ሊቅ ደግሞ በአታ ቤተ ክርስቲያን ነው ያለው፤ አቋቋም፣ የማኅሌቱን ዜማና ሽብሸባ፣ እያስተማረ። ሦስቱን የሚያገናኝ ሰው ከሌለ መስታወቱ ውስጥ ያለው እንጨት ብቻ ነው የሚሆነው። ዳይሬክተሩ በአታ ወርዶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ከመሪጌታው እግር ሥር ቁጭ ብሎ መጠየቅ መቻል አለበት። ዶክተር ቢሆንም። ግዕዝ ደግሞ ተማሩ እባካችሁ። ሌላ ነገር ባይሆን የመጽሐፉን የመጀመሪያ መስመርና ስሙን እስክታነቡ ድረስ።

ባለሥልጣን እንግዳ ሲመጣ «ይቺን መስቀል ለአንድ ሳምንት አውሱን» የሚል ይኖራል። ያለ ደብዳቤ፣ ያለ ፎቶ፣ ያለ ፊርማ አትስጡ። የዚያን ቀን ይቀየሙዋችኋል። ይቀየሙ።

አሁን ሥልጣን የላችሁም። ግን ዛሬውኑ መጀመር ትችላላችሁ። አንድ የብራና መጽሐፍ ተቀብላችሁ መግለጫ መጻፍ ተለማመዱ። ቁመቱን፣ ወርዱን፣ የቅጠሉን ብዛት፣ ባንድ ገጽ ስንት ዓምድና ስንት መስመር እንዳለው ጻፉ። ምን ብሎ ይጀምራል? ምን ብሎ ይጨርሳል? ጉዳቱን በደንብ እዩ። ቆዳው ሲፋቅ ተቀዶ በክር የተሰፋበት ቦታ አለ፤ ስንተኛው ቅጠል ላይ እንደሆነ መዝግቡ። እንደዚያ ያለ ስፌት በሌላ መጽሐፍ አይደገምም። ያቺ ዳዊት እንዲህ ያለ አንድ መስመር ቢኖራት ኖሮ ዛሬም እፈልጋት ነበር።

ሙዚየም ሲባል ነጭ ጓንት ይታያችሁ ይሆናል። ለብራና የታጠበና በደንብ የደረቀ እጅ ይሻላል። በጓንት ቅጠሉ እጃችሁ ላይ አይሰማችሁም፣ ይቀደድባችኋል።

«ዕድሜዬ 40 ሳይሞላ ዳይሬክተር ልሁን» ብሎ የጻፈልኝ ልጅ አለ። ሁን። ዕድሜህን አልጠይቅህም። ግን ከመምጣትህ በፊት የምትሠራበትን ክፍል ንብረት ቆጥረህ ና፤ ክፍሉ አራት ወንበርና አንድ ቁም ሳጥን ብቻ ቢሆን እንኳ። መዝገብ ላይ ያለውና ክፍሉ ውስጥ ያለው ካልገጠመ ለአለቃህ በጽሑፍ አሳውቅ። ያችን ደብዳቤ ቃለ መጠይቁ ላይ ብታሳየኝ ከብዙ የምስክር ወረቀት በላይ አከብራታለሁ።

እኛ አዲሱ ዳይሬክተር ተመረጠም አልተመረጠም ጥቅምት ላይ ቆጠራ እንጀምራለን። ዝናቡ ያቆማል፣ ክፍሉም ይደርቃል። ሰው ያንሰናል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ በሩ ላይ እጠብቃችኋለሁ። እርሳስ ይዛችሁ ኑ። እስክሪብቶ ወደ ውስጥ አይገባም።